የማዶውን በር ማን ያያል?

ከጁባ ማዶ፣ ጉምቦ በኩል ከድልድዩ የሚወርዱ መኪኖች ፍሬን ሲይዙ የሚያወጡት ሽታ አለ። የጎማ ሽታ አይደለም፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚሸተው፣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ቁጭ የሚለው ነው። ጁባ ከመጣሁ ስንት ዓመቴ፤ ያን ሽታ ባሸተትኩ ቁጥር ግን ካለሁበት ቆሜ እቀራለሁ። ሰዉ ሽማግሌው ደከመው ብሎ የፕላስቲክ ወንበር ያቀርብልኛል፣ ውሃ ያመጣልኛል። እኔ ግን አልደከመኝም። በዚያች ሰዓት ድሬዳዋ ነኝ፤ ካኪ ለብሼ፣ ባርኔጣዬን ወደ ግንባሬ ደፍቼ፣ የመጨረሻው ፉርጎ በር ላይ ቆሜያለሁ። በቀደም ሽታው ከልጄ ከጀማል አውቶብስ መጣ፤ ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም።

ባቡር ጠባቂ ነበርኩ። ጠባቂ ስል ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛ የሚመስላቸው አሉ፤ የጀማል ደንበኞች እንኳ «አባትህ ወታደር ነበሩ እንዴ?» ይሉታል። አልነበርኩም። አንገቴ ላይ የነበረው ፊሽካ፣ ብብቴ ስር የነበረው ደግሞ የተጠቀለለ ባንዲራ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። ነጂው ከፊት ነው፤ የፊቱን እንጂ የኋላውን አያይም። እኔ ከኋላ ነኝ። ጣቢያ ስንደርስ እወርዳለሁ፤ የሚወርደው ወርዶ፣ የሚሳፈረው ተሳፍሮ ሲያበቃ በሮቹን አያለሁ፣ የባቡሩን ግራና ቀኝ አያለሁ፣ ከዚያ ፊሽካዬን እነፋለሁ። ያለ እኔ ፊሽካ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ወጣት ሳለሁ ይህ ነገር ልቤን ያሳብጠው ነበር፤ ያን ሁሉ ብረት በአፌ የምነዳው እኔ ነኝ እያልኩ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

የእኔዋ ባቡር ረጅሟ፣ ጅቡቲ የምትወርደዋ አልነበረችም። ጠዋት ወጥታ በከተማው ዙሪያ ያሉትን ትናንሽ ጣቢያዎች አዳርሳ ከሰዓት በኋላ የምትመለስ ባለ ሦስት ፉርጎ ነበረች። የምትጭነውም ወተት ሻጮችን፣ ተማሪዎችን፣ የቀን ሠራተኞችንና ገበያተኛ ሴቶችን ነው። የአንድ ጉዞ ቲኬት ሻይ በሳንቡሳ ከሚገዛበት ዋጋ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሳንቡሳው ደግሞ ሳንቡሳ ነበር፤ እዚህ ጁባ አማራት ሰፈር ባሉት ሆቴሎች በናፕኪን ጠቅልለው የሚያቀርቡት ዓይነት አይደለም፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ዘይቱ ፊደሉን እጅህ ላይ የሚያትም ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ያላት አንድ ካሴት ብቻ ነው። ክሩ በድሬ ሙቀት ተለጥጦ ዘፋኟ ዓመት በዓመት ድምጿ እየወፈረ ሄደ፤ በመጨረሻ ሴት ትሁን ወንድ መለየት ቸገረን። ያም ሆኖ ያን ዘፈን እስከ ዛሬ ሳላውቀው አንጎራጉረዋለሁ። ሴቶቹ በነፋስ የሚንሳፈፍ ሺቲ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሲመጡ ከሩቅ እናውቃቸው ነበር። አንቱ መባባል የሚባል ነገር የለም። ሹሙም አንተ ነው፣ ወተት ሻጯም አንቺ ናት፣ ልጅም አባቱን አንተ ይላል። ጀማል ይኸው ጁባ ገብቶ የሁለት ልጆች አባት ሆኖም አንተ ነው የሚለኝ፤ አንቱ ቢለኝ የተጣላን ይመስለኛል።

ጀማል ጁባ ታውን ውስጥ የጅምላ ሱቅ አለው፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ፓስታ ያከፋፍላል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አላህ ይጠብቀው። እናቱ ስትሞት ድሬ ብቻህን አትቀመጥም ብሎ ያመጣኝ እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ከጉምቦ ድልድዩን ተሻግሮ ጁባ ታውን የሚያደርስ ኮስተር የሚባል መለስተኛ አውቶብስ ከካምፓላ አስመጣ። እዚህ አገር መኪና የሚሄደው በቀኝ ነው። ከኡጋንዳ የሚመጣው መኪና ግን ለግራ የተሠራ ስለሆነ መሪው በቀኝ፣ በሩ በግራ ነው። ስለዚህ አውቶብሱ ጥግ ይዞ ሲቆም በሩ የሚከፈተው ወደ መንገዱ መሃል ነው፤ ሰው የሚጭኑት ቦዳቦዳ ሞተሮች እንደ ንብ ወደሚተሙበት። ሾፌሩ በወዲያኛው ጎን ጉድጓድና ግንብ እያየ ይቀመጣል። ሰው የሚወርድበት ጎን ለእሱ ማዶ ነው።

ያን ማዶ የምትጠብቀው የአውቶብሱ ረዳት ኛሉዋክ ነበረች። ሰላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ጋምቤላ ተሰድዳ አድጋ፣ እዚያው ተምራ የተመለሰች ናት። አማርኛዋ ከእኔ የተሻለ ነው፤ ስትቆጣ ግን የጁባ ዓረብኛው ይቀድማታል። በዚህ ሥራ ላይ ሴት ማየት ያልለመደ መንገደኛ መጀመሪያ ይስቅባት ነበር፤ ኋላ ግን እሷ ከሌለች አልሳፈርም የሚል በዛ። አውቶብሱ ሲቆም ቀድማ ትዘላለች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አስፋልቱ መሃል ትቆማለች። «ዎጊፍ! ቁም አልኩህ! ሰው እያወረድኩ ነው!» ትላለች። ሞተሩ ያቃስታል፣ ይቆማል። ከዚያ በአውቶብሱ ጀርባ ትዞራለች። ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡት ሴቶች ሳፋቸውን ከኋላው መሰላል ላይ ስለሚያስሩ ሁልጊዜ አንዲት ጎንበስ ያለች አትጠፋም። «እስተና ሹያ» ትላለች ለሾፌሩ፤ ትንሽ ጠብቅ ማለቷ ነው። ዞራ ስትጨርስ ቆርቆሮውን ሁለቴ በመዳፏ ትመታለች፤ አውቶብሱ ይሄዳል። ያን ድምፅ ስሰማ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ለምን እንደምጨፍን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን ጉምቦ ፌርማታ ላይ ስደርስ ኛሉዋክ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ተቀምጣ አይቻት አላውቅም ነበር።

«አባባ፣ እኔ ካላስ ተብያለሁ» አለችኝ። በቃሽ ተባልኩ ማለቷ ነው። «ከሰኞ ጀምሮ በሩ በራሱ ነው የሚከፈተው። ልጅዎ ካሜራ አስገብቷል።»

«ሌላ ሥራ አልሰጠሽም?»

«ሱቅ ውስጥ ግቢ ብሎኛል። ጀማል ክፉ ሰው አይደለም፣ እኔም አልተጣላሁትም። ግን አባባ፣ ያ ካሜራ ወርዶ መንገድ ላይ ይቆማል?»

ሰኞ ሳይደርስ ልጄን ማስለወጥ አለብኝ ብዬ በዚያው ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍሬ ጁባ ታውን ሄድኩ።

ጀማል በትዕግሥት ነው ያናገረኝ፤ ትዕግሥቱ ራሱ አናደደኝ። ሽማግሌ ሲያናግሩ የሚያሳዩት ዓይነት ነው። «አባባ፣ ካሜራው በሩን ያሳያል። ሾፌሩ ፊት ስክሪን አለ። በሩ ሰው ካለበት አይዘጋም። በሩ ካልተዘጋ ደግሞ አውቶብሱ አይንቀሳቀስም። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ከከተማ ዳር ሠራተኛ እየጫነ የሚመላለስ ባቡር ነው፤ የየት አገር እንደሆነ አላውቅም። ያምራል፣ ይንጸባረቃል። ሰው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ነጂው ስክሪኑን አይቶ ይሄዳል። ጠባቂ የለም። ፊሽካ የለም። «ያንተ ሥራ ዛሬ እንዲህ ነው» አለኝ እየሳቀ። «በቀን ስንት ሺህ ሰው ይጭናል መሰለህ። ምንም አይሆንም።» ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ካሜራው የሚያሳየው መሳፈሪያውን ነው። ማዶው በኩል ምን እንዳለ ለማየት ስልኩን አዘነበልኩት፤ ጀማል በሳቅ ሞተ። ስልክ አዘንብሎ ከጀርባው ማየት እንደማይቻል እኔም አውቃለሁ፤ እጄ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሄደው።

ሐሙስ እንዲህ አለፈ። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ለመንኩት። ቅዳሜ ተቆጣሁ፤ አልበላም ብዬ ቁርሴን ተውኩ፣ ምራቴ ሳታይ ግን ዳቦ በላሁ። በዚህ ዕድሜዬ የልጅ ሥራ ነበር የሠራሁት። ስለ ቅጠል ሻጮቹ ነገርኩት። «ከኋላ ሌላ ካሜራ እጨምራለሁ» አለ። ስለ ሞተሮቹ ነገርኩት። «ምልክት እናደርጋለን፣ መብራት ያበራል» አለ። ለያንዳንዱ ነገር መልስ አለው። እኔ ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ይዤ ልቀበር የወሰንኩት ነው። እናቱ እንኳ ሳትሰማው ሞታለች።

እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ሱቁ ውስጥ፣ የዱቄቱ ጆንያ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ሰው አልነበረም።

«ጀማል፣ ዘሀራን ታስታውሳታለህ?» አልኩት።

«የትኛዋን ዘሀራ? በሚሄድ ባቡር ልትንጠላጠል ስትል የሞተችውን?»

ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቃት። «ባቡሩ እየሄደ አልነበረም» አልኩት።

እኔም ጀመርኩ፤ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አልቻልኩም።

የገበያተኞቹን ነገር ነው የነገርኩት። አንዳንዶቹ ቀረጥ ያልተከፈለበት ጨርቅና ስኳር ይነግዱ ነበር፤ ይህን ድሬ ውስጥ የማያውቅ ድመት እንኳ የለም። ፊናንሶቹ፣ የጉምሩክ ፖሊሶቹ ማለት ነው፣ በመሳፈሪያው በኩል ቆመው ይፈትሻሉ። ሴቶቹ ደግሞ ባቡሩን ይዞሩና መሳፈሪያ በሌለበት በማዶው በኩል፣ ከሐዲዱ ድንጋይ ላይ ተንጠራርተው በዚያኛው በር ይወጣሉ። የእኔ ሥራ ሁለቱንም ጎን ማየት ነው። ካየኋቸው መናገር አለብኝ፤ አይቼ ዝም ካልኩ እንጀራዬ ነው የሚሄደው፤ ከተናገርኩ ደግሞ የእነሱ ልጆች ናቸው የሚራቡት። ስለዚህ አላይም ነበር። ፊቴን ወደ መሳፈሪያው አዙሬ ሻይ ቤቷን አያለሁ። ሴቶቹ ወጥተው ሲያበቁ የመጨረሻዋ የፉርጎውን ግድግዳ በመዳፏ ሦስት ጊዜ ትመታለች፤ ድም፣ ድም፣ ድም። ያኔ ፊሽካዬን እነፋለሁ። ይህን ማንም ከማንም ጋር አልተነጋገረበትም፤ እንዲሁ በዓመታት የመጣ ነው። አመሰግንሃለሁ አይሉም፣ ምንም አይደለም አልልም። ዘሀራ ብቻ አንዳንዴ ሳንቡሳ በመስኮት ታቀብለኝና «ዓይንህ ደህና ነው ዛሬ?» ትለኛለች። «ምንም አያይም» እላታለሁ። እንስቅ ነበር። ደግ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ያን ቀን ከፊናንሶቹ አንዱ ሳይታሰብ በባቡሩ ጭራ በኩል ዞሮ መጣ። ሴቶቹ ደነገጡ። ቶሎ እንድንሄድ ብላ ይሁን፣ እጇ ይሁን ያዘዛት፣ ከላይ ከገቡት አንዷ ግድግዳውን መታችው። ሦስት ጊዜ። ዘሀራ ግን ታች ነበረች። ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እሷ ናት፤ የሌሎቹን ጥቅል እያነሳች የምታቀብለው እሷ ነበረች። አንድ እግሯ ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሯ ድንጋዩ ላይ ነበር። እኔ ሻይ ቤቷን እያየሁ ነበር፣ ያን የወፈረ ዘፈን እየሰማሁ። ፊሽካዬን ነፋሁ።

ምርመራ ተደረገ። «ማዶውን አይተሃል ወይ?» ተባልኩ። «አይቻለሁ፤ ማንም አልነበረም» አልኩ። ስትሮጥ መጥታ በሚሄድ ባቡር ልትንጠላጠል ስትሞክር ወደቀች ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምኩበት። ሴቶቹ እውነቱን ያውቁ ነበር። ቢናገሩ ግን የራሳቸውን ንግድ መናገራቸው ነው፤ ዝም አሉ። በገዛ ሞቷ ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች። ልጆቿ በእናታቸው ጥድፊያ እያፈሩ አደጉ። እኔ ደመወዜን እየበላሁ ኖርኩ፤ ጀማልንም በዚያው ደመወዝ አሳደግኩት።

ይህን ሁሉ ነግሬው ሳበቃ ልጄ አቀርቅሯል። ከእንግዲህ በዓይኑ እንደቀድሞው እንደማያየኝ አውቄያለሁ፤ ግድ የለም፣ ኛሉዋክ በሩ ላይ ከቆየች ይሁን ብያለሁ። ሰዎቹ ይትረፉልኝ እንጂ የእኔ ክብር ለማን ይጠቅማል ብያለሁ።

ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አባባ፣ ይቅር ይበልህ» አለኝ። «ብቻህን ተሸክመኸው ኖርክ። ግን ራስህ ተመልከተው፤ ጠባቂ እያለ ነው የሞተችው። አንተ እያለህ። ያንተን ያህል ሥራውን የሚወድ ሰው እያለ። ሰው ይራራል፣ ሰው ያፍራል፣ ሰው ፊቱን ያዞራል። ካሜራ ፊቱን አያዞርም።»

ያለኝ አንድ መልስ እሱ ነበር፤ ወስዶ ለራሱ አደረገው። ኋላ ቤት ስገባ ነው ማለት የነበረብኝ የመጣልኝ። እኔኮ በዚያ ሥራ ዘመኔን ሙሉ ስንት ጊዜ ፊሽካዬን ከአፌ መልሼ አውጥቻለሁ። ቀሚሷ በር ላይ የተያዘባት ነበረች። ጫማው ወድቆበት ሊያነሳ የጎነበሰ ተማሪ ነበር። ወተቷ ፈስሶባት ከፉርጎው ስር ዕቃዋን የምትለቅም አሮጊት ነበረች። አንድ እስትንፋስ ያህል ቆይቼ ነው ያሳለፍኳቸው። እነዚህ ሰዎች ከሞት እንዳመለጡ አያውቁም። ቤታቸው ገብተው ራታቸውን በልተው ተኝተዋል። አንዳቸውንም በስም አላውቅም። የማውቀው የዘሀራን ስም ብቻ ነው፤ ለጀማልም የነገርኩት እሱን ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጉምቦ ሄጄ ቆምኩ። በሩ እስስ ብሎ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ፣ እስስ ብሎ ተዘጋ። ሞተሮቹ በመብራቱ ጥቂት ቀዝቀዝ አሉ። አውቶብሱ ድልድዩን ተሻገረ። በእኩለ ቀን ጀማል ደወለልኝ፤ «አየህ አባባ፣ ሰላም ነው» አለ። ማክሰኞም ሰላም ነበር። ረቡዕም። ይኸው አራተኛ ወሩ ነው፣ ሰላም ነው። ልጄ በየቀኑ ያሸንፈኛል። የኋላውን ካሜራም አስገባ፣ ቃሉን ጠብቋል፤ ቅጠል ሻጮቹ ከሌንሱ ስር ዝቅ ብለው፣ ካሜራው ሳያያቸው እንደሚያስሩ ነግሬው «እሺ፣ አስተካክለዋለሁ» ብሎኛል። አሁን ሌላ አውቶብስ ሊጨምር ነው። ጓደኞቹም እንደሱ ሊያደርጉ እየጠየቁት ነው።

ባለፈው ሳምንት ኛሉዋክን ሱቁ ውስጥ አገኘኋት። ዱቄት ትመዝናለች፤ ክንዷ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ ሚዛኑን ሳትለቅ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ እኔ ከወረድኩ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ አልተነካም። ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስሠራ ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ከሞት ያስመለጥሽው ይኸው ብዬ የማሳያት አንድም ሰው አልነበረኝም፤ ተሰናብቻት ወጣሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፌርማታው ላይ ስቆም ለሰዉ የልጁን ሥራ የሚያይ ኩሩ አባት እመስለዋለሁ። ወደ ማዶው ጎን እዞራለሁ፤ የሚያባርረኝ የለም፣ የሚሰማኝም የለም። ጉልበቴ ስለማይችል አውቶብሱ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲመላለስ ቆሜ ማየት አልችልም፤ የቀረውን በጆሮዬ እጠብቃለሁ። ትክክል የነበርኩት እኔ መሆኔ የሚታወቅበት ቀን አንድ ብቻ ነው፤ ያ ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ሰግጄ ስነሳ የምለው አንድ ዱዓ ነው። ያ አላህ፣ ልጄን ትክክል አድርገው፤ እኔ እስክሞት ድረስ ተሳስቼ ልኑር።